የባሮ ዳር ወደብ

«ለዕረፍት ወደ ውሃ ዳር ሄጄ ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ወዲያው የሚታያችሁ ምንድን ነው? ያለ ጥርጥር ወይ ላንጋኖ፣ ወይ ሐዋሳ ነው፤ ሰውዬው ኪሱ የሞላ ከሆነም ጂቡቲ ወይም ሞምባሳ። ነጭ አሸዋ፣ የዣንጥላ ጥላ፣ ቀዝቃዛ መጠጥ፣ ከዚያም ለዘመድ የሚላክ ፎቶግራፍ። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሌላ ውሃ ዳር ነው። የሄድኩትም ለመዝናናት አልነበረም፤ ዕዳ ልከፍል ነበር። ዕዳውም የገንዘብ አልነበረም።

በጂኦግራፊ ትምህርት ተመርቄ ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኜ የተመደብኩት ጋምቤላ ነው። ከእናንተ መካከል የመንግሥት ሥራ የጀመራችሁ፣ የምደባ ወረቀት ሲከፈት ልብ እንዴት እንደሚመታ ታውቁታላችሁ። ተማሪዎች የሆናችሁም ትደርሱበታላችሁ። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ብርድ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። እናቴ የጋምቤላን ስም ስትሰማ በመጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ «ወባ» አለች፤ በመጨረሻም ለበዓል ብላ ያሠራችውን አዲስ ጋቢ አጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። «እማዬ፣ አገሩ እኮ እሳት ነው» ብላት፣ «ይሁን፣ ሌሊት ግን የትም ሌሊት ነው» አለችኝ። አባቴ በበኩሉ ስለ አዞ አስጠነቀቀኝ። እሱ የሰማው ወሬ ውሸት አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ወጣት፣ አትግባ እየተባለ ባሮ ውስጥ ገብቶ ሲዋኝ አዞ በልቶታል። ይህን ታሪክ ጋምቤላ ለሚመደብ አዲስ ሰው ሁሉ ይነግሩታል፤ ለእኔም ከደረስኩ በኋላ አራት ሰዎች ነግረውኛል።

ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል (የኢሉባቦሩን ቡሬ ማለቴ ነው እንጂ የጎጃሙን አይደለም) የሚወርደውን መንገድ ያላየ ሰው ኢትዮጵያን አይቻለሁ ባይል ይሻላል። ጠዋት ላይ ጭጋግ በሸፈነው የቡና ጫካ ውስጥ ነበርን፤ ከዚያ አውቶቡሱ በዞረ ቁጥር ተሳፋሪው አንድ ልብስ ያወልቃል። ካፖርት ወለቀ፤ ሹራብ ወለቀ፤ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ጆሮዬ ድፍን አለ። ከተራራው ወገብ ላይ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት ምድር እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ተዘርግታ አየኋት፤ ባሕር የመጣሁ መሰለኝ። ኋላ ላይ ሳስበው ስሜቴ ከእኔ ቀድሞ እውነቱን ያገኘው ይመስለኛል።

ከተማዋ በባሮ ዳር ላይ ነው የተቆረቆረችው። የኒምና የማንጎ ዛፎች ባይኖሩ ኖሮ እኩለ ቀን ላይ ሰው ከቤቱ የሚወጣ አይመስለኝም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ከተማው በሙሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አንዱ ልብስ ያጥባል፣ አንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ ልጆች ከዳር ላይ እየተወረወሩ ይጠልቃሉ፤ እኔም አዞውን እያሰብኩ በሩቁ ቆሜ አያለሁ። ባሮ በክረምት ቡናማ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። በበጋ ደግሞ በመካከሉ አሸዋ ይወጣና ልጆች እዚያ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። አኙዋዎች ይህንኑ ወንዝ ኦፔኖ ይሉታል። ቢርቢርና ገባ የሚባሉት ወንዞች በደጋው ተገናኝተው ባሮን ይወልዳሉ፤ ባሮም በድንበር ላይ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ከማላካል ከተማ በላይ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ሥዬ አስተምር ነበር። ወንዙን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በጥቅምት ወር ስለ አገራችን አቀማመጥ ሳስተምር፣ «ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ ስለዚህም ወደብ የላትም» አልኩ። ከኋላ መቀመጫ አንድ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ተነሣ።

«መምህር፣ አንድ አለ» አለ።

«የት?»

«እዚሁ።»

ክፍሉ ጉርምርም አለ፤ ልጆቹ ከእኔ ሳይሆን ከእሱ ጋር እንደ ነበሩ አሁን ይገባኛል። በዚያን ጊዜ ግን የሰማሁት የዲስፕሊን ጉድለትን ብቻ ነው። አዲስ መምህር ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ይህን ነው።

«ወደብ ማለት መርከብ የሚቆምበት ቦታ ነው» አልኩት።

«ይቆም ነበር። አያቴ ዕቃ ተሸክሟል። ውሉም የተጻፈው በእኛ አገር ስም ነው፤ በኢታንግ ስም ነው ይላል።»

«የአያትህን ተረት ለአያትህ ተውለት! እዚህ የምንማረው ጂኦግራፊ ነው።»

ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ ፈተና ሰጠሁ። «ኢትዮጵያ ስንት ወደብ አላት?» ለሚለው ጥያቄ ልጁ «አንድ፤ ጋምቤላ» ብሎ ጽፎ አገኘሁት። በቀይ እስክሪብቶ ሠረዝኩት፤ አጠገቡም የቃለ አጋኖ ምልክት አደረግሁበት። ያ ምልክት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በሚቀጥለው ሰኞ መቀመጫው ባዶ ነበር። በሁለተኛውም ሳምንት፣ በሦስተኛውም እንዲሁ።

በጋምቤላ ከገጠር ቀበሌ የመጣ ተማሪ ከተማ ውስጥ ከሁለት ከሦስት ሆኖ አንድ ክፍል ይከራያል፤ ራሱ እያበሰለ ይማራል። እንዲህ ያለው ልጅ ሦስት ሳምንት ሲጠፋ ታመመ ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ነገሩን ለአንድ የታሪክ መምህር ባልደረባዬ ባወራው ጊዜ ከት ብሎ ሳቀብኝ። በማግሥቱ መጽሐፍ አመጣልኝና፣ «ማታ ማታ ቆመህ የምታየው ያ የዛገ ብረት ምን ይመስልሃል? የውሃ በርሜል?» አለኝ። የመርከብ አካል ነበር። ከወንዙ ዳር ያሉት ወፍራም ግንብ ያላቸው አሮጌ ቤቶች የወደቡ መጋዘኖች ነበሩ። በየማታው በአጠገባቸው አልፋለሁ፤ አንድም ቀን ምንድን ናችሁ ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ያነበብኩትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ አንድ ውል ተፈራረሙ። ይህ ውል በሰፊው የሚታወቀው የኢትዮጵያን የሱዳን ድንበር በመወሰኑና በሦስተኛው አንቀጹ ነው፤ ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውሃ የሚናገረውና እስከ ዛሬ የሚያከራክረው እሱ ነው። አራተኛውን አንቀጽ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በእሱ መሠረት ምኒልክ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በባሮ ዳር፣ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር የማይረዝም፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተጻፈ። ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ሆነ።

«በኢታንግ አቅራቢያ።» አንባቢዎቼ፣ ይህን ቃል ሳነብ ፊቴ ጋለ። ልጁ ያለው ቃል በቃል እዚያ ነበር።

ጣቢያው በመጨረሻ የተሠራው ወደ ላይ ከፍ ብሎ ጋምቤላ ላይ ነው፤ ወደቡና የጉምሩኩ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ተከፈቱ። ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ያለው የውሃ መንገድ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። የእንፋሎት መርከቦች በዝናቡ ወራት በወር ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ ቁልቁል ለመውረድ ሰባት ቀን፣ ሽቅብ ለመውጣት ዐሥራ አንድ ቀን ይፈጅባቸዋል። ከደጋው በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደው ቡና ይጫናል፤ ጨውና ጨርቅ ይራገፋል። የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው ነበር። በኢትዮጵያ ምድር ላይ ያንን 400 ሄክታር የሚያስተዳድረው ግን ከሱዳን የሚላክ እንግሊዛዊ ሹም ነበር፤ ነገሩ ከዛሬ ሲታይ ይገርማል። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ያዙት። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከቤልጅግ ኮንጎ ድረስ የመጡ ወታደሮች ተዋግተው አስለቀቋቸው። የኮንጎ ልጅ ለጋምቤላ መሞቱን እኔ በአሥራ ስድስት ዓመት ትምህርቴ አልሰማሁም። ሱዳን ነጻ ስትወጣ፣ ውሉ እንደሚለው ኪራዩ አበቃና ቦታው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መርከቡ እየሳሳ ሄደ፤ በሱዳን የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነትም ንግዱን ቆረጠው።

ስሕተቴ «ስለዚህም» በምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ነበረች። የባሕር በር የሌለው አገር ወደብ የለውም ያለው ማን ነው? ፓራጓይ ባሕር የላትም፤ ዋና ከተማዋ አሱንሲዮን ግን የወንዝ ወደብ ናት። ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም፤ በባዝል ከተማ የራይን ወንዝ መርከቦች ይቆማሉ። ይህን በኮሌጅ ተምሬ ፈተናም አልፌበታለሁ። ኧረ ሌላም የባሰ አለ! የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን መምህራችን ወደ ዓባይ በረሃ ወስዶ ከደጀን በታች ያለውን የኖራ ድንጋይ አሳይቶን ነበር፤ በድንጋዩ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣዎችና ዛጎሎች ተቀብረው ይታያሉ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር እዚህ ነበር አለን። እኔም በእጄ ዳስሼ፣ ያለ ምንም ክርክር አመንኩ። አንድ ዛጎል ስለ 150 ሚሊዮን ዓመት ሲመሰክር ያመንኩ ሰው፣ አንድ አያት ስለ ሰባ ዓመት ሲመሰክሩ «ተረት» አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ኢታንግ በምትሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እናቴ የሰጠችኝን ጋቢ ለምን እንደ ያዝኩ አላውቅም፤ ምናልባት ባዶ እጄን መሄድ ፈርቼ ይሆናል። መንገዱ ወደ ምዕራብ ከባሮ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። የኑዌር ልጆች ቀንዳቸው የጨረቃ ቅርጽ ያለውን ከብቶች ይዘው መንገዱን ሲሻገሩ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ጡሩንባ አይነፋም፤ ከብቱ እንደ ባለሥልጣን ያልፋል። በስተደቡብ በኩል ስላለው ብሔራዊ ፓርክና በሺህ እየሆኑ ከደቡብ ሱዳን ስለሚሻገሩት ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ልጽፍላችሁ እመኛለሁ፤ ግን አላየኋቸውም፤ ያላየሁትን ማውራት ደግሞ በዚህ ዓመት ይበቃኛል።

ኢታንግ በወንዙ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች እጅግ የበዙበት ታላቅ መጠለያ የነበረው እዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት ላይ የምታዩት ገበያውን፣ ባጃጁን፣ የሣር ክዳን ቤቶችን፣ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ የሚደርቀውን ዓሣ ነው። የልጁን ስም ጠርቼ ብጠይቅ የማያውቀው የለም። አንዲት ሴት ራሷ ላይ ውሃ እንደ ተሸከመች በአገጯ ወደ ወንዙ አመለከተችኝ።

ልጁ ከውሃው ዳር ጎንበስ ብሎ በቆሎ ይዘራ ነበር። ባሮ ሲጎድል የሚተወውን እርጥብ አፈር አኙዋዎች ወዲያው ይዘሩበታል፤ ዝናብ አይጠብቁም። ሲያየኝ ቀና አለ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ጨበጠኝ። የምለው ጠፍቶኝ፣ «አያትህን ለማየት መጥቼ ነው» አልኩት።

ሽማግሌው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የዓሣ መረብ ይጠግናሉ። በአኙዋ ቋንቋ ተናገሩ፤ ልጁ አስተረጎመ። ዕድሜያቸውን ሲነግሩኝ «እንግሊዞቹ ሲሄዱ መላጨት አልጀመርኩም ነበር» አሉ። በመጀመሪያ የሠሩት ሸክም ሳይሆን እንጨት ነው፤ መርከቦቹ የሚነዱት በእንጨት ነበርና ከወንዙ ዳር እየተቆረጠ ይከመርላቸዋል። ጡሩንባው ከሩቅ ሲሰማ መንደሩ ሁሉ ይወርዳል። ጎልማሳ ሲሆኑ ጋምቤላ ሄደው ቡና ተሸከሙ። ከረጢቱ ዝናብ ጠጥቶ ከሆነ ይከብዳል፤ ከመጋዘኑ እስከ መርከቡ ያለው ሳንቃ ደግሞ ጠባብ ነው፤ የወደቀ ሰው ከነቡናው ይወርዳል። «ሰውዬውን ወይስ ቡናውን ነበር ቀድመው የሚያወጡት?» ብዬ ብጠይቅ ልጁ ከመተርጐሙ በፊት ሳቀ። መልሱን አላስተረጎመልኝም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የመጨረሻው መርከብ ነበር አሉ። ዝናቡ ሲያልቅ ውሃው በቀን በቀን ይወርዳል። የመርከቡ ሰዎች ጭነቱ ይሙላ ብለው አንድ ቀን ከዘገዩ መርከቡ አሸዋ ላይ ይቀመጣል፤ እስከሚቀጥለው ክረምትም አይነሣም። ስለዚህ ሽማግሌዎች በውሃው ዳር እንጨት ተክለው ማታና ጠዋት ይለኩ ነበር። «መጽሐፍ አልነበረንም፤ እንጨቱ ግን አይዋሽም» አሉ።

ከዚያ ሽማግሌው መረቡን ጭናቸው ላይ አድርገው ልጁን አንድ ነገር ጠየቁት። ልጁ አልመለሰም። ደግመው ጠየቁት። ወደ መሬት አየ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«መምህርህ ስለኔ የተናገረው ቃል ምን ማለት ነው ይላል። ልነግረው አልቻልኩም።»

«ተረት» የሚለውን ቃል ማለታቸው ነበር። ልጁ ቃሉን ይዞ ቤቱ ገብቷል፤ ለአያቱ ግን በቋንቋቸው አልተረጎመውም። አንባቢዎቼ፣ በዚያች ዛፍ ጥላ ሥር ያን ያህል ላብ ያጠመቀኝ ሙቀቱ አልነበረም። «እውነት ያልሆነ ነገር ማለት ነው ብለህ ንገራቸው። እንደዚያ ማለቴ ስሕተት እንደ ነበረ፣ ውሉንም አንብቤ ኢታንግ የሚለውን ስም እንዳገኘሁት ንገራቸው» አልኩት። ልጁ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ እኔ ካልኩት በላይ ሳይናገር አልቀረም። ሽማግሌው ሰሙ። ጥቂት ቆይተው ያሉት ይህ ነው፤ «ልጁ የመጣው በቆሎ ሊዘራ ነው፤ አንተ ስለ ተናገርከው አይደለም። በቆሎው ግን ካለቀ ስድስት ቀን ሆኖታል። ስድስቱ ቀን ያንተ ነው።»

ከዚህ የተሻለ ሒሳብ ያሰላልኝ ሰው የለም። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ራሴን ከመጠን በላይ አክብሬ ነበር የመጣሁት፤ ልጁን ከትምህርት ያስቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ። እሳቸው ድርሻዬን ለክተው ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ግንድ በተጠረበች ታንኳ እኔን፣ ልጁንና ሽማግሌውን አንድ የሠፈር ጎልማሳ ወደ ታች ወሰደን። አዞውን እያሰብኩ የታንኳዋን ሁለት ጠርዝ አጥብቄ ይዣለሁ፤ ሽማግሌው ይህን አይተው ፈገግ አሉ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ እጃቸውን ዘረጉ። እንጨት ይከመርበት የነበረው ቦታ ነው። ምንም የለም፤ ሣር ነው፤ ሁለት ነጫጭ ወፎች ቆመዋል። ልጁም ቦታውን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። አያቱ ያወሩለት ነበር እንጂ ወስደው አሳይተውት አያውቁም። ታንኳዋን ወደ ዳር አስጠግቶ ወርዶ ለብዙ ጊዜ ዞር ዞር ሲል ቆየ፤ ከሰል ፈልጎ ይመስለኛል። አንድ የወንዝ ዛጎል አንሥቶ መጣ። ስለ ዓባይ በረሃ ዛጎሎች የነገርኩት ያን ጊዜ ነው። «ባሕር ደጀን ላይ ነበር?» አለ። አዎ አልኩት። ለአያቱ ተረጎመላቸው፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው አንድ ቃል ተናገሩ። ልጁ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ምን አሉ?»

«ተረት ነው ይላል።»

መሽቶብኝ እዚያው አደርኩ። ትንኙ የሚያስተኛ አልነበረም። ጋቢውን አውጥቼ ከራስ እስከ እግር ተጠቅልዬ በላብ እየራስኩ ተኛሁ፤ ትንኝ ግን አላገኘኝም። እናቴ ትክክል ነበረች። ጠዋት ስነሣ ሽማግሌው ጋቢውን በጣታቸው ሲዳስሱ አገኘኋቸው፤ እዚያው ተውኩላቸው። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ይህንን ካነበበች ይቅር ትበለኝ።

ሰኞ መቀመጫው ባዶ ነበር። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ገባና ቦታው ላይ ተቀመጠ። ለክፍሉ ልናገር ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ገና ሳልጀምር ልጁ የፈተና ወረቀቱን ይዞ ተነሣ።

«መምህር፣ ይህ ይታረማል?»

ተቀብዬ አየሁት። «ኢትዮጵያ ስንት ወደብ አላት?» ይላል ጥያቄው፤ «ነበራት» አይልም። መርከብ ዛሬ አይመጣም። ይህን ነገርኩት። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «ውሃው ግን በየክረምቱ ይመጣል። የቀረው መርከቡ ነው» አለ። ክፍሉ ተጯጯኸ። ግማሹ «ነው» አለ፤ ግማሹ «ነበር» አለ፤ ክርክሩ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ቀጠለ።

ሁለት ነጥቡን ሰጠሁት። ወዲያው ሌሎቹ ተማሪዎች ወረቀታቸውን ይዘው ጠረጴዛዬን ከበቡኝ፤ «ወደብ የላትም» ብለው የጻፉት እኔ እንዳስተማርኳቸው ነውና ነጥባችን አይቀነስብን አሉ። እሱንም ሰጠኋቸው።

የቃለ አጋኖው ምልክት ግን በቀይ ቀለም ስለ ተጻፈ አልጠፋ አለኝ። ወረቀቱን እንደዚያው መለስኩለት።